የሸርባት ተረከዝ

ሴት እግሯን ማንሳት ሲያቅታትና ማንሳት ስታፍር፣ ሁለቱ በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። በሆስፒታላችን ይህን መጀመሪያ የነቃሁበት እኔ ነኝ። ድሮ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራው ነበር፤ አሁን ሰው ሲያነሳብኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ስሜ ዴሚያና ነው፤ ወላዶቹ ሚስ ዴሚያና ይሉኛል። ከካይሮ ርቃ በአባይ ዳር ባለችው ከተማችን፣ በአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አዋልጃለሁ። ምላሴ ስለታም ነው፤ ትዕግሥትም ብዙ የለኝም። ግን ምጥ ላይ ያለችን ሴት ማሳቅ የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሐኪሞቹ ብዙ ነገር ያልፉልኝ ነበር።

ዶክተር ራኢፍ ወደ እኛ የመጣው ብርዱ ሲለቅ ነው። የሃያ ዘጠኝ ዓመት የማደንዘዣ ሐኪም ነው፤ ቀጭን፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ለማስተርሱ ጥናት የሚሠራ። ጥናቱ ምጥ ላይ ላሉ እናቶች ወገብ ላይ በሚገባ ቀጭን ቱቦ የሚሰጡ ሁለት ማደንዘዣዎችን ማወዳደር ነበር። አንደኛው ቡፒቫኬይን ነው፤ ዘመን ያስቆጠረ፣ እጃችን የለመደው። ሌላው ሮፒቫኬይን ነው፤ አዲስ መጤ። ሕመሙን ሁለቱም ይገድሉታል። ጥያቄው እግር ላይ ነበር፤ ሕመሙን ወስዶ እግሯን ግን ሳይነካ የሚተውላት የትኛው ነው? ፋርማሲስቱ መርፌዎቹን ሞልቶ በአረብኛ ፊደል “አሊፍ” እና “ባ” ብሎ ጽፎባቸው ያመጣል። የትኛው ፊደል የትኛው መድኃኒት እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።

በየግማሽ ሰዓቱ ወላዷ እግሯን ቀጥ አድርጋ ታነሳለች። እንደልቧ ካነሳችው ዜሮ ይጻፍላታል። ጉልበቷን ብቻ ማጠፍ ከቻለች አንድ፣ ከቁርጭምጭሚቷ በታች ብቻ ከተንቀሳቀሰላት ሁለት፣ ጨርሶ እምቢ ካላት ሦስት። ከወለደች ከአምስት ሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ የመጨረሻ ምርመራ አለ። ያን ጊዜ ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ለዶክተሩ ወዲያው ይደወላል፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ለቅቆ እግሩ ያልለቀቀ እንደሆነ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ራኢፍ ጎበዝ ልጅ ነው። ችግሩ የካይሮ ልጅ መሆኑ ነው።

“እስቲ እህቴ፣ እግርሽን ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ አንሺልኝ” ይላል፣ አልጋው ግርጌ ቆሞ፣ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ። ሴትዮዋ ከገጠር የመጣች ናት። የለበሰችው የሆስፒታል ጋውን ነው፤ ከስሩ ምንም የለም። በራስጌዋ አማቷ ተቀምጣለች። እግርሽን አንሺ ብሎ ባሏም ጠይቋት አያውቅም። ጉልበቶቿን ግጥም ታደርጋቸውና ጣሪያ ጣሪያ እያየች “አልችልም ዶክተር” ትለዋለች።

“ትንሽም?”

“ትንሽም።”

ሦስት ብሎ ይጽፋል።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አራት ሴቶች መዘገበ፤ የአሥራ አንዱ ቁጥር ሦስት ነው፣ ከአሊፍም ከባም። ወረቀቱን ይዞ ሻይ ወደምንጠጣበት ክፍል ገባ፣ ፊቱ ጥቁር ብሏል።

“ሚስ ዴሚያና፣ ይኼ ነገር አልገባኝም” አለኝ። “የምሰጣቸው እኮ በጣም የቀጠነ መድኃኒት ነው። በዚህ መጠን እግር እንዲህ ሊደነዝዝ አይችልም። ስሌቱ የት ጋ እንደተበላሸ ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጌ አጣሁት።”

“የመጨረሻዋ ስንት ናት?”

“ሦስት። ጣቷን እንኳ አላንቀሳቀሰችም።”

“ይህቺ ሦስት ያልካት አሁን አንተ ስትወጣ ብርድ ልብሱን በእግሯ ስባ ለበሰችና ‘ሰውዬው ሄደ?’ ብላ አማቷን ጠየቀች። ዶክተር፣ የእነሱ እግር አልደነዘዘም። የደነዘዝከው አንተ ነህ።”

ጆሮው ድረስ ቀላ። ቀጥሎ ሳቀ፤ ሻዩ የተተኮሰው ሸሚዙ ላይ እስኪፈስ ድረስ ሳቀ። በዚያው ቀን ብልሃቱን አሳየሁት። ብርድ ልብሱ አይገለጥም። እጄን ከግርጌ በኩል አስገብቼ መዳፌን ከተረከዟ ስር አደርግና “ተረከዝሽን ከእጄ ላይ አንሺ” እላታለሁ። ማንም ምንም አያይም። መዳፌ ላይ ክብደቱ ከቀለለ አነሳች ማለት ነው፤ ካልቀለለ አልተነሳም። ሴቶቹ ወዲያው ያደርጉታል፤ እንዲያውም ተረከዛቸው ሲኮረኮር የሚስቁ አሉ።

የፊተኞቹን አሥራ አራት ወረቀቶች ጣላቸውና እንደገና ከአንድ ጀመረ። በጥናቱ ላይ “የእግር ጥንካሬ ከብርድ ልብስ ስር በአዋላጅ ነርስ እጅ ተዳስሶ ተለክቷል” የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባ። ለፕሮፌሰሩ ስሜን ጠርቶ ነገራቸው። እውነቱን ለመናገር ልቤ አበጠ። ከዚያ ወዲህ የእግሩ ሥራ የኔ ሆነ፤ ሰው ሁሉ በዚህ ጉዳይ ላይ የኔን ቃል ያምን ነበር። እኔም አመንኩት።

ሸርባት አርባ ሰባተኛዋ ናት።

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ። ባሏ ኩዌት ይሠራል። ያመጣቻት አማቷ ሐጃ ዋጊዳ ናት፤ ጥቁር ለብሳ፣ ሁለት ድስት ሾርባ በጨርቅ ቋጥራ፣ ልክ ሆስፒታሉን ልትገዛው እንደመጣች ሁሉ። ልጅቷ ሻሿን ነክሳ ስትንቀጠቀጥ አይቼ አንጀቴን በላችው። ስለ ወገብ መርፌው ሳነሳ ግን ሐጃ ዋጊዳ ብድግ አለች።

“ወገቧን ወግታችሁ ሽባ አድርጋችሁ ልትመልሱልኝ ነው? ልጄ አገር የለም። ሲመጣ ምን ልበለው?”

“ሐጃ፣ በዚህ መርፌ ወልደው በእግራቸው የሄዱትን ልቁጠርልዎት?” አልኳት። “ቆጥሬ ሳልጨርስ ይቺ ልጅ ትወልዳለች።”

“የሰፈራችን ሰው ሁሉ የሚያወራው ሌላ ነው።”

“የሰፈራችሁ ሰው ወልዶ ነው የሚያወራው ወይስ ዝም ብሎ?”

“አንቺ ደግሞ አፍሽ አያርፍም።”

“አያርፍም። ይስሙኝ፤ ሸርባት ከዚህ በእግሯ ካልወጣች እኔ በጀርባዬ አዝዬ ቤታችሁ ድረስ አመጣታለሁ።”

ሐጃ ዋጊዳ ከላይ እስከታች አየችኝ። እኔ ደግሞ ቀጭን ሴት አይደለሁም። “በዚህ ወገብሽ?” አለች። ሸርባት በምጧ መሃል ሳቀች። ሳቋ ወደ ጩኸት ሲቀየር “ይውጉኝ፣ በአላህ ይውጉኝ” አለች፤ አማቷም ፊቷን አዞረች። ይህ እሺ ማለቷ ነበር።

ዶክተር ራኢፍ መርፌውን ሲያስገባ ትከሻዋን የያዝኩት እኔ ነኝ። ፊደሏ ባ ነበር። በሩብ ሰዓት ውስጥ ፊቷ ተፈታ፤ በግማሽ ሰዓት እንቅልፍ ወሰዳት። ሐጃ ዋጊዳ አፏን ከፍታ ታያታለች። ስድስት የወለደች ሴት ናት።

“እኔ ስወልድ እናንተ የት ነበራችሁ?” አለችኝ ቀስ ብላ።

በየግማሽ ሰዓቱ እጄን ከብርድ ልብሱ ስር አስገባለሁ። ተረከዟ ሻካራ ነበር፤ በባዶ እግሯ ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት ተረከዝ። ለመውለጃዋ የቀባችው ሂና ዳር ዳሩ ላይ ነበረ። “አንሺ” ስላት ተረከዟ ከመዳፌ ላይ ብር ይላል። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ጠዋት በሦስት ሰዓት ሴት ልጅ ወለደች። ስሟን ሙሩጅ አሏት። ዶክተር ራኢፍ ቱቦውን ነቀለና “ቀላል ነበረች” አለኝ። ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር።

የመጨረሻው ምርመራ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ደግሞ የጥየቃ ሰዓት ነው።

ስገባ ክፍሉ ጢም ብሏል። የባሏ ወንድሞች፣ የአጎት ሚስቶች፣ ሕፃናት፣ በሩዝ የተሞላ ርግብ የያዘ ሳህን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሐጃ ዋጊዳ በመሃል ተቀምጣ እንኳን ደስ ያለሽ ትቀበላለች። በወዲያኛው ክፍል ሁለት ሴቶች ምጥ ይዟቸዋል፤ አንዷ ስሜን እየጠራች ነው። እኔ ወረቀቱን ይዤ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ። አልጋው ጋ ለመድረስ ሰባት ሰው ማስነሳት ነበረብኝ።

“ሸርባት፣ እግርሽን እስቲ አንሺልኝ” አልኳት ከደጃፉ።

አየችኝ። ቀጥሎ የባሏን ወንድሞች አየች። ብርድ ልብሱ አልተንቀሳቀሰም።

“አልችልም ሚስ” አለች፣ በማይሰማ ድምፅ።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ለዶክተር ራኢፍ ምን ማለት እንደሆነ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

“አፍረሽ ነው አይደል?” አልኳት እየሳቅኩ። “ወንዶቹን ላስወጣልሽ?”

ሁሉም ሳቀ። አንደኛው ወንድም “እኛ ርግቡን ሳንጨርስ አንወጣም” አለ። ሸርባት ዓይኗን ሰበረችና በአንገቷ አዎ፣ አፍሬ ነው አለችኝ።

ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ከስሩ ባለችው መስመር ላይ፣ “ተዳስሷል” ከምትለው ቃል አጠገብ ፈረምኩ። ከወዲያኛው ክፍል ስሜ እንደገና ተጠራና ሄድኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ልታጥባት የመጣችው ነርስ ስታስነሳት ሸርባት ወለሉ ላይ ወደቀች። ዶክተር ራኢፍ ሮጦ መጣ። እኔም ተረኛ ነበርኩ። ሐጃ ዋጊዳ እያየችው ብርድ ልብሱን ገለጠው፤ የዚያን ቀን ማንም አላፈረም። በመርፌ ጫፍ እግሯን ነካ ነካ አደረገ። “ይሰማሻል?” ይላታል፤ “ምኑ?” ትለዋለች። ከወገቧ በታች ሁለቱም እግሮቿ የሷ አልነበሩም።

ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

“የስምንት ሰዓቱ ዜሮ ነው የሚለው” አለኝ። “እርስዎ ነዎት የፈረሙት። ዳስሰውታል?”

“ዳስሼዋለሁ።”

“በእጅዎ?”

“በእጄ።”

“አነሳችው?”

“አነሳችው” አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ። ለምን እንዳልኩት አስቤ አልጨረስኩም። አፌ ቀደመኝ ብል ውሸት ነው፤ አስቤ ነው ያልኩት። ፈራሁ።

በአምቡላንስ ሁለት ሰዓት ወደሚያስኬደው ትልቅ ከተማ ወሰዷት። መርፌው የገባበት ቦታ ውስጥ ደም ተጠራቅሞ ነርቮቿን ተጭኗቸው ነበር። ከብዙ ሺህ ሴት አንዷ ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ የአሊፍም የባም ጥፋት የለበትም። ደሙን አወጡት። ሐኪሙ ለሐጃ ዋጊዳ እግሩ እንደከዳት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብትመጣ ኖሮ ልትራመድ ትችል ነበር አላት። ግራ እግሯ ትንሽ መለስ አለ። ቀኙ አልመለሰም።

እኔ ከሰው ጋር መብላት አቆምኩ። ምጥ ላይ ያሉ ሴቶችን ማሳቅ አቆምኩ። አንዷ “ሚስ ዴሚያና የምትባለው ቀልደኛዋ የት አለች?” ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። እጄ አንጓ ላይ ያለችውን የመስቀል ንቅሳት እያየሁ ጸሎት እጀምርና እተወዋለሁ፤ በመጀመሪያ መናገር ያለብኝ ለእግዚአብሔር አልነበረም።

ደግሞ ነገሩ በኔ ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ስምንት ሰዓት ላይ እግሯ ደህና ከነበረ ደሙ የጀመራት ማታ ነው ማለት ነው። ማታ ተረኛ የነበረችው ነቢላ ናት። ሸርባት አመሻሹ ላይ “እግሬ ከብዶኛል” ብላታለች። ነቢላ ወረቀቱን ገልጣ የኔን ዜሮ አየች። የኔ ዜሮ ነው፤ እንዴት አታምነው። “ዕረፊ፣ ድካም ነው” አለቻት። አስተዳደሩ ለነቢላ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ከማዋለጃ ክፍል አስወጣት። ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ስትወጣ ሰላም አለችኝ፤ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ዶክተር ራኢፍ ጥናቱን ጨርሶ የፊደሎቹ ምስጢር የታሸገባቸውን ፖስታዎች የከፈቱለት ቀን ተጠርቼ ሄድኩ። ባ አዲሱ ሮፒቫኬይን ነበር። ሕመሙን ሁለቱም እኩል አስታግሰውታል፤ እግር ላይ አዲሱ በመጠኑ ይሻላል። ራኢፍ የጻፈውን አሳየኝ። “በአምስት ሰዓቱ ምርመራ፣ ከሁለቱም ወገን እግሯ የደከመ እናት አልተገኘችም” ይላል። ከጎኑ አርባ ሰባተኛዋ ላይ የደረሰው ጉዳት ከዚያ በኋላ የተከሰተ እንደሆነ ተጽፏል።

“ዶክተር፣ አልዳሰስኩትም” አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ከደጃፍ ላይ ጠየቅኳት። አልችልም አለችኝ። አፍራ ነው ብዬ ዜሮ ጻፍኩ።”

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ ምንኛ በቀለለኝ። እሱ ግን የወረቀቱን ጫፍ እያጠፈ ለራሱ ይቆጥር ጀመር። “ስምንት ሰዓት ላይ ሦስት ቢጻፍ፣ ስምንት ተኩል ላይ ደርሻለሁ። መንገዱ ሁለት ሰዓት ነው። አሥራ ሁለት ሳይሆን ቀዶ ጥገና ውስጥ ነበረች።” ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። “ሁሉም እግር ያፍራል ብለው እኮ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ብሆን ኖሮ፣ ምንም ስለማላውቅ ሦስት ብዬ እጽፈው ነበር።”

እውነቱን ነው። ያ ምንም የማያውቀው የካይሮ ልጅ ቢሆን ኖሮ ሸርባት ትራመድ ነበር።

ያን ዓረፍተ ነገር ሰረዘው። ለአስተዳደሩ የጻፍኩትን ቃሌን ራሱ ወስዶ ሰጠ። ነቢላን መለሷት፤ እኔን ወደ ክትባት ክፍል አዛወሩኝ። ነቢላ አላናገረችኝም፤ መብቷ ነው። አንድ ሰው ቀረኝ። ሄጄ ልነግራት ሳስብ፣ ሸርባት ራሷ በሰው ስልክ ደወለችልኝ። የሙሩጅ ሱቡ ዓርብ ነው፤ ይምጡ አለችኝ።

ሱቡ ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን የሚደረግ ድግስ ነው። ልጁ በወንፊት ላይ ይተኛል፤ ወንፊቱ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ እናትየው በላዩ ላይ ሰባት ጊዜ ትሻገራለች። ሙሩጅ በሰባተኛ ቀኗ እናቷ ሆስፒታል ነበረች። ሐጃ ዋጊዳ “እናቷ ሳትሻገራት ሱቡ የለም፤ እስክትራመድ እንጠብቃለን” ብላ አዘገየችው። ሲጠብቁ ሲጠብቁ አርባ ቀን ሞላ።

ከሚኒባሱ ወርጄ በሸንኮራው ማሳ ዳር ዳር ሄድኩ። እግሬ ወደ ኋላ ይጎትተኛል። በሩን የከፈተችልኝ ሐጃ ዋጊዳ ናት። እንደዚያን ቀን ከላይ እስከታች አየችኝ።

“በጀርባሽ አዝለሽ ታመጫታለሽ ብዬ ስጠብቅሽ ነበር” አለች። “ለካ በታክሲ ተሸክመን ማምጣት ይቻላል።”

“ልክ ነዎት ሐጃ።”

“ግቢ። እሷ ነች የጠራችሽ፤ እኔ አይደለሁም።”

ሸርባት መስኮቱ አጠገብ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ሙሩጅን ታቅፋ። ከስታለች። ፈገግ አለችልኝ፤ ያ ፈገግታ ከሐጃ ዋጊዳ ነገር የበለጠ ገደለኝ። ሴቶቹ ወጥ ቤት ነበሩ። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ከደጃፍ እንደጠየቅኳት፣ እጄን እንዳላስገባሁ፣ የዶክተሩን ዓይን እያየሁ እንደዋሸሁ። ሐጃ ዋጊዳ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

ሸርባት የልጇን ኮፍያ አስተካከለች።

“አውቃለሁ” አለች። “እጅዎን እንዳላስገቡ አውቃለሁ እንጂ። እኔ እኮ ነበርኩ አልጋው ላይ።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?”

“ምን ብዬ?” አለች። “ያን ቀን እግሬን ተነስ አልኩት፣ እምቢ አለኝ። ደነገጥኩ። እናቴ ሐጃም መርፌው ሽባ ያደርጋል ብለው ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ብዬ ልናገር። ከዚያ እርስዎ አፍረሽ ነው አሉኝ። ደስ አለኝ ሚስ። አፍሬ ነው ለካ፣ ደህና ነኝ አልኩ። እርስዎ ያውቃሉ ብዬ።”

ጭንቅላቴን ወንበሯ ክንድ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ከኔ በፊት ጨርሳ ነበር መሰለኝ።

ሐጃ ዋጊዳ ከበሩ ላይ “ተነሺ” አለችኝ። “እንግዳ እየመጣ ነው። ፊትሽን ታጠቢ።” ድምፅዋ እንደ በፊቱ አልነበረም፤ ይቅር ያለች ግን እንዳይመስላችሁ።

ሴቶቹ ገቡ። ሙሩጅን ነጭ አልብሰው ወንፊቱ ላይ አስተኟት፤ ወንፊቱን ምንጣፉ ላይ አኖሩት። አንዲት አሮጊት ጨው ትበትናለች። ሌላዋ የነሐስ ሙቀጫ ሕፃኗ ጆሮ አጠገብ ትወቅጣለች፣ እናትሽን ስሚ፣ አያትሽን ስሚ እያለች። እልልታው ቤቱን ሞላው። ቀጥሎ ዝም አለ፤ ምክንያቱም አሁን እናትየው የምትሻገርበት ሰዓት ነው።

“በሷ ፈንታ እህቷ ትሻገር” አለች አንዷ።

“እኔ ነኝ እናቷ” አለች ሸርባት። “ያዙኝ።”

ሐጃ ዋጊዳ በአንድ ብብቷ ገባች፣ እህቷ በሌላው። ከወንበሩ አነሷት። ግራ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ቆመ። ቀኙ ምንጣፉ ላይ ተጎተተ፤ ወደ ልጅቷ በኩል። ወንፊቱን እንዳይመታው ሁሉም ደነገጠ።

“ሚስ” አለችኝ ሸርባት። “ይቺን ከስር ይያዙልኝ።”

ተንበረከክሁ። መዳፌን ከተረከዟ ስር አስገባሁ። ሻካራነቱ ለስልሶ ነበር፤ አርባ ቀን መሬት ያልረገጠ ተረከዝ ነው። ሂናው ዳር ዳሩ ላይ ሊጠፋ ትንሽ ቀርቶታል። ክብደቱ መዳፌ ላይ ሙሉውን አረፈ። ያን ቀን እጄን አስገብቼ ቢሆን የምሰማው ይህንን ነበር፤ ለማወቅ አንድ ጊዜ መተንፈስ እንኳ አይፈጅም ነበር።

“አንደኛው፣ በአላህ ስም” አለች አሮጊቷ።

ተረከዙን አንስቼ በሙሩጅ ላይ አሻገርኩት። ልጅቷ ነቅታ ነበር፤ ከበላይዋ የሚያልፈውን እግር በዓይኗ ተከተለችው። መለስነው፤ ሁለተኛው። ሐጃ ዋጊዳ ታቃስታለች፤ የምራቷ ክብደት ግማሹ በሷ ትከሻ ላይ ነው፤ ግን አላስቀመጠችም። ሦስተኛው። አራተኛው ላይ በልቤ “ተረከዝሽን ከእጄ ላይ አንሺ” እላት ነበር፣ በየግማሽ ሰዓቱ እንደምላት። በየጊዜው ትንሽ እጠብቃለሁ፤ ምናልባት ይቀል እንደሆነ። አምስተኛው። ስድስተኛው። አልቀለለም።

ሰባተኛው ላይ እልልታው እንደገና ፈነዳ። አንድ ሰው ሙሩጅን ከወንፊቱ ላይ አነሳት። ሸርባትን ወደ ወንበሯ መለሷት።

“በቃ ሚስ፣ ሰባት ሞላ” አለችኝ ከላይ ሆና፣ ቀስ ብላ። “ይልቀቁት።”

እኔ ግን ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ተረከዟን እንደያዝኩ ነበርኩ፤ ሐጃ ዋጊዳ መጥታ ጣቶቼን አንድ በአንድ እስክታላቅቃቸው ድረስ።